ለ«ጨፍጋጋ» የጻፍኩት ምሳሌ

«ጨፍጋጋ» የሚለውን ቃል የተረጎምኩት እኔ ነኝ። መዝገበ ቃላቱን ብትገልጡ በ«ጨ» ክፍል ታገኙታላችሁ፤ ትርጉሙ ሁለት ሦስት መስመር፣ ምሳሌው አንድ መስመር ነው። በትርጉሙ የወቀሰኝ የለም። ምሳሌው ግን መጀመሪያ ሌላ ነበር። ወሬዬ ስለዚያ ስለ መጀመሪያው ምሳሌና ምሳሌ ስላደረግኳት ሴት ነው።

መሥሪያ ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ነበረው። በትልቁ ክፍል አለቃችን፣ እኔና «ጠበቃው» የምንለው ባልደረባዬ እንቀመጣለን። ሕግ ስለተማረ አይደለም፤ ለአንዲት ነጠላ ሰረዝ ግማሽ ቀን ስለሚከራከር ነው። ትንሿ ክፍል ከደረጃው አፍ ላይ ናት። እዚያ ታይፒስቷ ከማሽኗ ጋር ብቻዋን ትቀመጣለች፤ ወደ እኛ የሚገባ ሰው ሁሉ በእሷ በር ያልፋል።

አሠራራችን ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቃል አንድ ካርድ አለው። ቃሉ የደረሰው ሰው ትርጉሙን፣ አገባቡንና ምሳሌውን በእጁ ይጽፍና በሩ አጠገብ ያለችው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ይጨምረዋል። ልክ በአራት ሰዓት ታይፒስቷ መጥታ ሣጥኗን ትወስዳለች፤ በማግስቱ የተተየበውን ትመልሳለች። አለቃችን አንብበው ይፈርማሉ፣ ካርዱ መሳቢያ ይገባል። አንዴ መሳቢያ የገባ ካርድ ደግሞ እንዲሁ አይወጣም፤ ምክንያቱን በጽሑፍ አቅርቦ አለቃችንን ማስፈረም ግድ ነው።

አለቃችን በምሳሌ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም ነበር። «ምሳሌ ከሕይወት የተገኘ ይሁን። ጠረጴዛ ላይ የተፈበረከ ዓረፍተ ነገር እንዳታመጡብኝ!» ይሉናል። ከሕይወት ሲሉን ደግሞ እኛ ከክፍላችን ርቀን የምንሄድ ሰዎች አይደለንም፤ ዓይናችን እዚያው እርስ በርስ መዞር ለመደ። «ዝርክርክ» ሲመጣ የእኔ ጠረጴዛ ተጻፈ። ለ«ችኮ» ጠበቃው ራሱ ምሳሌ ሆነ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ችኮ አይደለሁም ብሎ ሲከራከር ምሳሌውን የበለጠ አጸናው። የአለቃችን ራስ እንኳ «መላጣ» በሚለው ካርድ ላይ ገብቷል፣ ስቀው ፈርመውበታል። እንዲህ ነበርን። ሰውን ምሳሌ ማድረግ እንደ መላፋት ነበር የምናየው።

ታይፒስቷን «እትዬ» እንላታለን። ከእኔ አሥር ዓመት ያህል ትበልጣለች። ፊት ለፊት «እርስዎ» እላታለሁ፤ በልቤ ግን ሁሌም «እሷ» ናት፣ እዚህም እንደ ልቤ ልጥራት። የልብስ ሰፊ ልጅ ናት። ታይፕ የተማረችው በወጣትነቷ ሲሆን ብዙ ዓመት ፍርድ ቤት ሠርታ ነው ወደ እኛ የመጣችው። አግብታ ነበር፤ ባሏ ሞቶባት ከእህቷ ጋር መኖር ጀመረች፣ እህቷም ስትሞት የእህቷን ልጅ እንደ ወለደቻት አሳደገች። ይህን ሁሉ እኔ ያወቅኩት በኋላ ነው። አብረን በሠራንበት ጊዜ የማውቀው ወንበሯ ላይ የምታነጥፈውን የተጣጠፈ ፎጣ፣ ምሳዋን በመስኮቱ በኩል ዞራ ብቻዋን መብላቷንና ፊቷን ብቻ ነበር።

ፊቷን እንዴት ልንገራችሁ? በሁለቱ ቅንድቦቿ መካከል ሁለት የቆሙ መስመሮች አሉ፣ እንደ ታጠፈ ወረቀት። ከንፈሯ ግጥም ያለ ነው። ዓይኗን አጥብባ ስታይህ ዕቃ የሰረቅካት ይመስልሃል። ጠዋት በበሯ ሳልፍ «እንደምን አደሩ እትዬ?» እላታለሁ። «ይመስገን» ትላለች፣ ከካርዱ ቀና ሳትል። አለቀ። እኔም በዚህ ተናድጄ «እትዬ ደመና» የሚል ስም አወጣሁላት። ከኋላዋ ነው እንግዲህ፤ ፊቷ ላይማ ማን ደፍሮ!

እኔ በዚያን ጊዜ በራሴ ኩሩ ነበርኩ። እጄ ፈጣን ነው፤ ጠበቃው አሥር ካርድ ሲጽፍ እኔ ሃያ እጽፋለሁ። አለቃችንም በዚህ ያሞግሱኛል።

አንድ ቀን ጠዋት «ጨፍጋጋ» የሚለው ካርድ ደረሰኝ።

«ከ‹ኮስታራ› በምን ይለያል?» አለኝ ጠበቃው። «ኮስታራ»ን ቀደም ብሎ የጻፈው እሱ ስለነበር ድንበሩን ሊጠብቅ ፈልጓል።

«ኮስታራ ሰው ፊቱ በእጁ ነው» አልኩት። «ሲፈልግ ይኮሳተራል፣ ሲፈልግ ይስቃል። ክብርም አለው፤ ኮስታራ ዳኛ ነህ ቢሉህ አትቀየምም። ጨፍጋጋ ግን ፊቱ እንዲሁ እንደዳመነ የሚውል ነው። ማንም ሰው ‹እኔ ጨፍጋጋ ነኝ› ሲል ሰምተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«አትሰማም። ለባለቤቱም አይነገረውም። ሰውየው ከወጣ በኋላ ነው ቃሉ የሚመጣው።»

«ይህንንማ ጻፈው፣ ጥሩ ነው» አለኝ። ከጠበቃው አፍ «ጥሩ ነው» የሚል ቃል ሲወጣ በዓመት አንዴ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ጻፍኩ፦ «ስለ ፊት ሲነገር፦ የማይፈካ፣ ያኮረፈ ወይም ያዘነ የሚመስል። ስለ ሰማይ ሲነገር፦ የዳመነ፣ ብርሃን የራቀው። አገባብ፦ ለሰው ሲሆን ነቀፋ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ በሌለበት ይነገራል።» ከዚያ እንዲያው ጠበቃውን ለማሳቅ ብዬ በምሳሌው ቦታ ይህን ጨመርኩበት፦ «ታይፒስቷ ፊቷ ጨፍጋጋ ስለሆነ ጠዋት ሰላም የሚላት ሰው የለም።»

ጠበቃው አነበበና አፉን በእጁ ይዞ ተንፈቀፈቀ። «አንተ አውሬ! ቅደደው» አለኝ።

«እቀደዋለሁ፣ እቀደዋለሁ» አልኩ እየሳቅሁ።

በዚህ መሃል አለቃችን ጠሩኝና ምድር ቤት ካለው መጋዘን ባዶ ካርዶች እንዳመጣ ላኩኝ። ተነሣሁ፤ እጄም እንደ ልማዱ የተጻፉትን ካርዶች ሰብስቦ ሣጥኗ ውስጥ ጨመራቸው። አሥር ዓመት ሲያደርገው የኖረውን ነው ያደረገው። ትዝ ያለኝ መጋዘኑ ውስጥ ካርድ እየቆጠርኩ ሳለ ነው። ሦስቱን ፎቅ እየሮጥኩ ወጣሁ። አራት ሰዓት ከአምስት ሆኗል፤ የማሽኑ ድምፅ ከደረጃው ላይ ይሰማል።

በሯ ላይ ቆምኩ። ካርዶቼ ከፊቷ ተደርድረዋል። «እትዬ፣ አንዷን ካርድ ይመልሱልኝ፣ ተሳስቻለሁ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ይህን ያህል ቃል ስጽፍ የምውል ሰው እነዚያን ጥቂት ቃላት ማውጣት አቃተኝ።

«ምነው?» አለችኝ ዓይኗን አጥብባ።

«ምንም። ደህና ነኝ» ብዬ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ቁጭ ብዬ ጆሮዬን ወደ ግድግዳው አደረግኩ። ማሽኑ ይሄዳል፣ ይሄዳል፤ ከዚያ ድንገት ቀጥ አለ። ስንት ደቂቃ እንደቆመ አላውቅም፤ ለእኔ ግን ረጅም ነበር። መልሶ ጀመረ።

በማግስቱ የተተየቡትን ካርዶች አመጣች። የእኔን አገላብጬ ያንን ካርድ አወጣሁት። አንድም ስህተት የለበትም። እንዲያውም የረሳኋትን ነጠላ ሰረዝ ጨምራበታለች። ሰርቄ ፊቷን አየሁት፤ እንደ ወትሮው ነው። ተከፍታ እንደሆነ፣ ንቃኝ እንደሆነ፣ ምኑም አይታወቅም። የበለጠ ያሸማቀቀኝ ይኼ ነው። ብትቆጣ ኖሮ ይቅርታ እጠይቃለሁ እል ነበር፤ ስለዚህ ጥፋቱን በእሷ ፊት ላይ አሳበብኩት።

አለቃችን ካርዱን አነበቡና ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ከሕይወት ነው?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ።

ከሌላ ቦታ የሰማሁት መስሏቸው ይሆናል፤ ፈረሙ። «አይ፣ ይህ ቀልድ ነው፣ ይቅር» ብል እኮ ያኔውኑ ያበቃ ነበር! ፈራሁ። ማፈሬ ሲታወቅብኝ የባሰ አፍራለሁ ብዬ ፈራሁ። ካርዱ መሳቢያ ገባ።

ካርዱን ካስገባሁበት ማግስት ጀምሮ በበሯ ማለፍ አልቻልኩም። ከሕንፃው ኋላ ጽዳቶቹ የሚወጡበት ጠባብ ደረጃ አለ፤ በእሱ መመላለስ ጀመርኩ። ጠበቃው ሲጠይቀኝ «ለጤና ነው፣ ደረጃው ረጅም ነው» አልኩት። አራት ሰዓት ላይ ሣጥኗን ልትወስድ ስትመጣ መሳቢያ ውስጥ የጠፋ ነገር የምፈልግ ሰው እሆናለሁ። ለእሷ ማሰቤ መስሎኝ ነበር፤ ፊቴን ባላሳያት ነገሩን ትረሳዋለች አልኩ። ነገ እነግራታለሁ፣ ከነገ ወዲያ እነግራታለሁ ስል ሦስት ዓመት ሄደ።

በሦስተኛው ዓመት ሥራው አልቆ ማተሚያ ቤት ገባ፤ የማረሚያው ቅጂ በጥቅል በጥቅል እየመጣ ጠረጴዛችን ላይ ይቆለል ጀመር። የመጀመሪያዎቹ ጥቅሎች ሲደርሱ እትዬ ከሥራ ቀረች። ታማለች ተባለ። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ወጣት ሴት የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ይዛ መጣች፤ የእህቷ ልጅ ናት። ዓይኗ እያየላት ስላልሆነ አክስቴ ከእንግዲህ አትመለስም አለችን። አለቃችን በጣም አዘኑ። ዕቃዋን እንዳወጣላት እኔን አዘዙኝ፤ ለምን እኔን እንደሆነ እንጃ።

መሳቢያዋን ከልጅቷ ጋር ከፈትነው። ፎጣዋ፣ አንድ ብርጭቆ፣ ሁለት የማሽን ሪባን፣ አንድ የተማሪ ደብተር ነበረ። ደብተሩን ልጅቷ ገለጠችና «ይኼ ምንድን ነው?» ብላ ሰጠችኝ።

የእጅ ጽሑፋችን መፍቻ ነበር። የእያንዳንዳችንን ፊደል አጻጻፍ እያስመሰለች ስላ ከጎኑ ምን ማለት እንደሆነ ጽፋበታለች። ለአለቃችን ግማሽ ገጽ በቂ ሆኗል። ጠበቃው አንድ ገጽ ወስዷል። ከዚያ በኋላ ያሉት አሥራ አንድ ገጾች የእኔ ናቸው። «ሲቸኩል ‹ቀ› እና ‹ተ› አንድ ናቸው፤ ቀጣዩን ቃል አይቶ መለየት።» «ይህን የመሰለ ‹ለ› ነው፤ ጭራ ካለው ግን ‹ሰ› ነው።» «ከምሳ በኋላ የጻፈውን መስኮት አጠገብ ይዞ ማንበብ።» አንድ ቦታ ላይ ደግሞ «ሰኞ ሰኞ ይብስበታል» ይላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

«ሐኪሙ ምን ስታነቢ ኖርሽ አላት» አለች ልጅቷ። «የሰው እጅ ጽሑፍ ስትለው ራሱን ነቀነቀ። እቤት እኮ እንዲህ አልነበረችም። ሳቂታ ናት፤ ጎረቤቱን ሁሉ የምታስቀው እሷ ናት። እዚህ ልወስዳት ስመጣ ግን ሁሌ ፊቷን ቋጥራ አገኛታለሁ። ዓይኗን ስታስጨንቀው ነው ለካ። የማይነበበውን ለምን አትጠይቂያቸውም? እላታለሁ። ‹አንዴ ጠይቄ ነበር› ትለኛለች።»

አንዴ የጠየቀችው እኔን ነው። ሥራ በጀመረች ሳምንት አንድ ካርድ ይዛ መጥታ «ይህቺ ቃል ምን ትላለች?» አለችኝ፤ እኔም ከጽሑፌ ቀና ሳልል «ማንበብ አይችሉም እንዴ?» አልኳት። ረስቼው ነበር። ያን ቀን በዚያች ባዶ ክፍል ውስጥ ቆሜ ድምፄ ሳይቀር ትዝ አለኝ። እነዚያን ሁለት መስመሮች ግንባሯ ላይ ያሰመርኩት እኔ ነኝ፤ አስምሬ ሳበቃ ደግሞ ስም አወጣሁላቸው።

የ«ጨ» ጥቅል በማግስቱ ደረሰ። ዓረፍተ ነገሩ ታትሞ፣ አምሮ፣ በአዲስ ፊደል ተቀምጧል። ተማሪ ሁሉ ሊያነበው ነው። ልጅቷ ልትገዛውና ለአክስቷ እያነበበች ልታሰማት ነው። ወረቀቱን ይዤ አለቃችን ፊት ቆምኩና ሁሉንም ተናገርኩ፤ ሳቁን፣ መጋዘኑን፣ «አዎ» ያልኩትን ውሸት፣ ደብተሩን።

አለቃችን ወረቀቱን ከእጄ ተቀበሉኝ። «ያኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ፈርቼ ነው።»

«አሁንስ?»

«አሁንም እየፈራሁ ነው።»

ቀዩን እስክሪብቶ አንስተው ዓረፍተ ነገሩን ሠረዙት። «መስመሩ እንዳይናጋ ርዝመቱ ያው የሆነ ሌላ ስጠኝ።» እዚያው ቆሜ ጻፍኩ፦ «ሰማዩ ጨፍጋጋ ስለሆነ የታጠበውን ልብስ ከገመዱ ላይ አወረድነው።» አነበቡት። «እንግዲህ ሰማይ ነበረልህ» አሉኝ። «ከመጽሐፉ እኔ አውጥቼልሃለሁ። የቀረውን ሄደህ ራስህ ጨርስ።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቷ ሄድኩ። ልጅቷ በሩን ከፈተችልኝ። እትዬ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ በዳበሳ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። ፊቷን ሳየው ደነገጥኩ። ማንበብ ትታለችና መስመሮቹ ላልተዋል፤ ግንባሯ ተዘርግቷል፣ ከንፈሯ ፈታ ብሏል። ፈካ ያለ ፊት ነበራት። መንገዱን ሙሉ ያጠናሁት ንግግር እንዳይጠፋብኝ ሳልቀመጥ ጀመርኩ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ያን ካርድ የጻፍኩት…»

«ቁጭ በል እንጂ፣ ፍርድ ቤት አስመሰልከው» አለችኝ ድምፄን ለይታ። «እዚያ ስንት ዓመት የሰው ጥፋት ስተይብ ኖሬያለሁ፤ ቆሞ የሚናዘዝ ሰው ያደክመኛል።»

ተቀመጥኩ። ከመጽሐፉ መውጣቱን ነገርኳት፣ አዲሱን ምሳሌም አነበብኩላት። ራሷን ነቀነቀች። «ጥሩ ነው። ልብስ ማውረድ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው።» ደብተሩንም እንዳየሁት ነገርኳት፤ ሳቀች። ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ያን ዕለት ማሽኑ ሲቆም ሰምቼ ነበር» አልኳት። «ያኔ መጥቼ ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። በጣም አሳዘንኩዎት።»

«ማዘኑንስ አዘንኩ» አለች። «እጄ የቆመው ግን ለሌላ ነው። ‹ሰላም የሚላት ሰው የለም› ይላል። ቆይ፣ ይሄ ልጅ ራሱ ጠዋት ጠዋት ሰላም ይለኝ የለም እንዴ? አልኩ። ሌላው ግድግዳ እንዳየ ነው የሚያልፈኝ፤ አንተ ብቻ ነበርክ። ‹እንደምን አደሩ እትዬ› ስትለኝ ብዙውን ጊዜ ያንተን ካርድ ይዤ አንዷን ቃል እየታገልኩ ስለሆነ ቀና አልልም እንጂ ደስ ይለኝ ነበር። ታዲያ ተሳስቷል አልኩ። ምሳሌ ከሕይወት ይሁን አይደል የሚሉት? ይሄ ከሕይወት አይደለም ብዬ ልመልስልህ አሰብኩ።»

«ታዲያ ለምን አልመለሱልኝም?»

«ነገ ጠዋት ሰላም ሲለኝ እነግረዋለሁ አልኩ።» የላጠችውን ሽንኩርት ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። «በማግስቱ በበሬ አላለፍክም። በሦስተኛውም ቀን አላለፍክም። ሳምንት ጠበቅኩህ። ከዚያ ወዲያማ ምሳሌው ልክ ሆነ፤ ምን ብዬ ልመልሰው?»

ልጅቷ ሻይ አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠች፤ ሳልነካው ቀዘቀዘ። መቀመጡም ሲከብደኝ ተነሣሁና ልሂድ አልኩ።

እትዬ ፊቷን ወደ ድምፄ አዞረች።

«ዛሬስ ቢሆን» አለችኝ፣ «ስትገባ ሰላም አልከኝ እንዴ?»

አላልኳትም ነበር።